ሦስት ጆሮ

ፀሐይ ገና ከዛፍ በላይ ሳትወጣ የግራር ውሃ ሚካኤል አጥቢያ ሰው ከየጎጡ ወጥቶ ወደ ሾላው ይተም ጀመር። ጠምዶ የነበረው በሬውን ፈትቷል፤ ሊጥ ያቦካችው ሊጧን ከድናለች፤ መራመድ ያቃተው በቃሬዛ ተይዟል፣ በአህያ ተጭኗል። ወንጀለኛ ለማውጣት ከሚቀመጥ አውጫጭኝ የቀረ ሰው ደም አለበት ይባላልና ሊቀር የደፈረ አልነበረም። መንገዱ እንደ ገበያ ቀን ሞልቷል፤ የገበያ ቀን ጫጫታ ግን የለበትም። ሰው ሁሉ እግሩን እያየ ይሄዳል።

አልጣሽ ከሁሉም ቀድማ ልትደርስ ትቸኩላለች። ራሷን ተላጭታለች፤ ነጠላዋ ከል የተነከረ ነው። በስተኋላዋ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ክንዱ ዱላውን እየጎተተ ይከተላታል። ወንድሙ ደጀኔ በጥይት ከወደቀ ወዲህ ጠጉሩን ምላጭ አላስነካውም። የወንድሜን ደም ሳልመልስ አልላጭም ብሎ በለቅሶው መካከል፣ አገር እየሰማው፣ ምሏል። ጠጉሩ አሁን እንደ ጎፈር ቆሞ ፊቱን አሳንሶበታል።

"እታለም፣ ቀስ በይ እንጂ። ሾላው አይሸሽሽም" አላት።

"ሾላውስ አይሸሽም። የሚሸሸው ሰው ነው።"

"የአውጫጭኟ ወፍ ብትናገር ምን ታደርጊያለሽ?"

"ስሙን ይዤ ከተማ እወርዳለሁ። ምስክር አምጪ አይደል ያሉኝ? አገር መሰከረልኝ እላለኋ።" ዘወር ብላ አየችው። "አንተስ?"

ክንዱ ጠጉሩን ዳበሰ። "እኔማ የማልሁ ሰው ነኝ" አለ። አባባሉን አልወደደችለትም። ዕዳ እንዳለበት ሰው ነበር የተናገረው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና፣ መሬት በተደለደለ በዓመቱ ነበር። በድልድሉ ጊዜ ከከተማ የመጡ ልጆች ገበሬውን በየሜዳው ሰብስበው ስም አወጡለት። በንጉሡ ዘመን መሬት የነበረው "ፊውዳል" ተባለ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አንድ ክረምት ያገለገለው ሁሉ "ቢሮክራት" ተባለ። የግራር ውሃ ሰው ቃሉ አልያዝልህ ብሎት "ብሮክራት" ይለው ነበር፤ የከብት በሽታ ያስመስለዋል። ደጀኔ ከሰርግ ቤት በቀር ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ፣ ቢሮ ምን እንደሚመስል በር ላይ ቆሞ እንኳ ያላየ ገበሬ ነበር። ጥፋቱ በደርግ ጊዜ የማኅበሩ ምክትል ጸሐፊ ሆኖ መመረጡ ብቻ ነው፤ የተመረጠውም አንቀላፍቶ ሳለ ነው እያለ ይቀልድ ነበር። ቢሮክራት ነህ ተብሎ ከአራት ቃዳ፣ ከአንድ ሄክታር፣ በላይ ያለው መሬቱ ተወሰደበት። ከአባቱ የወረሰውን ዲሞትፈር ጠመንጃም ቢሮክራት አይታጠቅም ተብሎ አስረከበ። ከብር ወንዝ ዳር የነበረችው፣ በበጋ ሽንኩርትና በቆሎ የምታበቅለው ማሳው ለታጣቂዎቹ አዛዥ ለዓለምብርሃን ደረሰች። ደረሰች ይባላል እንጂ ማን እንዳደረሳት ሁሉም ያውቃል።

ደጀኔ ዝም አላለም። ከወረዳ ወረዳ፣ አልፎም እስከ ባሕር ዳር ተመላልሶ አቤት አለ። በመጨረሻ አንድ የሚሰማ ሰው አገኘና የወንዟ ማሳ ልትመለስለት ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ከፋሲካ በኋላ ደጀኔ ከጅጋ ገበያ ሲመለስ ዓለምብርሃን በብር መሻገሪያ ድንጋይ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ቀን ነበር፤ ፀሐይ ነበረች። በስሙ ጠራውና በክላሽ ደረቱን መታው። የአጥቢያው እኩሌታ በዚያች ሰዓት ወይ ውሃው ውስጥ ነበር፣ ወይ ዳር ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አህያ የሚነዳው አህያውን ነዳ። ጨው ያዘለችው ሸክሟን አጠበቀች። ጫማውን ያወለቀው በባዶ እግሩ ሮጠ። አንድም ሰው፣ አንድ እንኳ፣ "ኧረ በሕግ አምላክ" አላለም። ውሃው ቀላ፤ ሰውም ቀዩን ውሃ ተሻግሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

አልጣሽ በዚያች ሰዓት በአጥሯ በር ቆማ ባሏን ትጠብቅ ነበር። የገበያው ሰው በፊቷ እያለፈ "እንዴት ዋልሽ" ይላታል፤ አይቆምም። "የእኔን ሰው አላያችሁም?" ብትል አንዱ ጎረቤት ቀና ሳይል "ከኋላ እየመጣ ነው" አላት። ከኋላ የመጣችው አህያዋ ናት፣ ብቻዋን፣ ጨው እንደ ጫነች።

የገዳዩን ስም ያልነገራት አልነበረም፤ በስሙ የነገራት ግን አልነበረም። ጎጃሜ አይደል? በለቅሶው ላይ እያቀፏት "አይ ዓለም፤ ብርሃንሽ ይህ ሆነ?" ይሏታል። ሰሙ ሙሾ ነው፣ ወርቁ የገዳይ ስም ነው። አንገቷን አቅፈው ያለቀሱ ሴቶች፣ ጉድጓዱን የቆፈሩ ወንዶች፣ ሁሉም ቅኔ ተቀኙላት። ከተማ ወርዳ ብታመለክት መርማሪው "ወይዘሮ፣ ያየ ሰው አምጪ" አላት። ቅኔ ይዤልዎ መጥቻለሁ አይባል። ስለዚህ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዳ አውጫጭኝ ይቀመጥልኝ አለች። ባሏ ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር፣ ውሻ እንደሞተ ያህል ሳይጠየቅለት እንዳይቀር፣ የቀራት ይኸው ነበር። ለዚህ ነበር ወደ ሾላው የምትሮጠው።

በሚካኤል ደጅ ባለው ሾላ ሥር ሕዝቡ በየጎጡ ተደልድሎ ተቀመጠ፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን። ደመና ከምዕራብ መነሣት ጀምሯል። ሰኔ ገብቷልና የዛሬ ዝናብ ከመጣ ነገ የሚዘራ ሰው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አልጣሽ ከእህተ ማርያም አጠገብ ተቀመጠች። እህተ ማርያም አሮጊት ናት። ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ አንድ ልጅ ነበራት፤ እንድሪያስ ይባላል። ተኝቶ ከርሞ ከደጀኔ በኋላ ሞተ። በሬ የላትም። ያለቻትን ሁለት ቃዳ መሬት የምታርስላት የዓለምብርሃን ጥማድ ናት፤ ምርቱ እኩል በእኩል ነው።

"ቁርስ ቀምሰሻል ልጄ?" አለቻት።

"ይቆይ እናቴ። ስም ሳይወጣ እህል አይቀመስ።"

"ለእኔ ብጤዋ እንኳ ስም ወጣም አልወጣ አይቀመስም።" ትንሽ ሣቀች። ከዚያ እጇን በአልጣሽ ጉልበት ላይ አሳረፈች።

ግራዝማች ገብረሰንበት ተነሡ። በጃንሆይ ዘመን የተሾሙ፣ በደርግ የታሰሩ፣ በድልድሉ "ፊውዳል" ተብለው መሬታቸው የተሸነሸነ ሽማግሌ ናቸው። መሬታቸውን የወሰደው ቀበሌ ነገር ሲጠናበት ሽምግልናቸውን ይዋሳል። ከእሳቸው በፊት ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር ካኪ ኮቱን ቆልፎ ንግግር አደረገ።

"መንግሥታችን የሕዝቡን ባህል ያከብራል። ባህላችሁን ተጠቀሙ። ብቻ ፀጥታ እንዳይደፈርስ።"

"ፀጥታው የእኔ ሥራ ነው፤ አይሥጉ" አለ ዓለምብርሃን። በወንዶቹ መካከል፣ በደህናው ጥላ፣ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አንዳንዶች ሣቁ። ምን ያስቃል? ግን ሣቁ።

ግራዝማች ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ደንቡን ታውቁታላችሁ። ሁላችሁም አንድ ባንድ ወደ ደጀ ሰላሙ ትገባላችሁ። እዚያ ቄስ ወልደ ገብርኤል ከሁለት ሽማግሎች ጋር ይቀመጣሉ። መስቀል ጨብጣችሁ ትምላላችሁ። ያየ ያየውን ይናገር። የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ወፍ ነው። ቄስ ወጥተው ወፍ እንዲህ አለች ይሉናል። ወፏን የፈለገ፣ ወፏን ያሳደደ፣ ከአጥቢያው የተለየ ይሁን።"

"ይሁን" አለ ሕዝቡ።

"አላየሁም አልሰማሁም የሚልም እንዲህ ብሎ ይማል። አይቼ የሸሸግሁ፣ ሰምቼ የዋጥሁ እንደሆነ ዘሬ አይብቀል፣ ከብቴ አይርባ፣ ሚካኤል በሰይፉ ይቁረጠኝ።"

"አሜን።"

ሰው መግባትና መውጣት ጀመረ። አልጣሽ ዓይኗን ከደጀ ሰላሙ በር አልነቀለችም። ከኋላ እየመጣ ነው ያላት ጎረቤት ገባ። ወጣ። ጨው ያዘለችው ሴት ገባች። ወጣች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባለች። አልጣሽ በልቧ ሰውን ሁሉ ትቆጥረዋለች፤ ይኼ በመሻገሪያው ነበረ፤ ይቺ በመሻገሪያው ነበረች፤ ይኼኛው ደጀኔ ሁለት ጊዜ በሬ አውሶታል፤ ለዚያኛው ልጅ የክርስትና አባት ነው። ከእነዚህ ሁሉ አንድ ወፍ አይጠፋም ትላለች። ከሳሽ ወፍ አትሆንምና እሷ አልተጠራችም። ክንዱ ግን ተራው ሲደርስ ገባ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ቆየ። ሲወጣ ወደ እሷ አላየም፤ ሄዶ ቦታው ላይ ተቀመጠና ሳር ይነጭ ጀመር።

ዓለምብርሃንም በተራው ገባ። ጠመንጃውን በር ላይ ላለ ታጣቂ ሰጥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ጨዋ ሰው ገባ። ማለ። ወጣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። የአልጣሽ የነፍስ አባት ናቸው፤ እሷንና ደጀኔን ያቆረቡ፣ ልጃቸውን ያጠመቁ። ጥምጥማቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። ሕዝቡ ቆመ።

"ወፍ ደርሳናለች" አሉ።

አልጣሽ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ቀረበች።

"ወፍ እንዲህ አለች። የደጀኔን ደም ያፈሰሰ እንድሪያስ ነው።"

አንድ ነገር ሆነ። አልጣሽ እስክትሞት አትረሳውም። ሕዝቡ ተነፈሰ። ሸክም እንደወረደለት፣ ከበሬ ጫንቃ ቀንበር እንደተነሣ፣ ያ ሁሉ ሰው ባንድ አፍ እፎይ አለ። የእንድሪያስ እናት ግን ገና አልገባትም።

"የቱ እንድሪያስ?" አለች ግራ ቀኝ እያየች።

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ሳቡ።

"አባ፣ የቱ እንድሪያስ ነው ያሉ?"

"ያንቺው እህተ ማርያም። ነፍሱን ይማረው" አሉ ቄሱ ወደ መሬት እያዩ።

"የእኔማ ተኝቶ ነበር" አለች አሮጊቷ። አልጮኸችም። የተሳሳተ ሰው እንደምታርም ብቻ ነው። "ተኝቶ ነበር እኮ አባ። ራሱን ችሎ ውሃ መጠጣት አይችልም ነበር። እርስዎ አይደሉም የቀንዲል ጸሎት ያነበቡለት?"

ግራዝማች ጣልቃ ገቡ። "ወፍ አትመረመርም። እንግዲህ ስሙ። ሙት አይከሰስም። ሙት ደም አይከፍልም፣ ደምም አይመለስበትም። ነገሩ የእግዜር ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አገር በደጀኔ ደም የሚፈላለግ የለም። የሟች ወንድም ከመሐላው ተፈትቷል፤ ጠጉሩን ይላጭ። የሟች ሚስት ይሁን ትበልና እንነሣ። ዝናቡም መጣ።"

ክንዱ እጁን ወደ ጠጉሩ ሰደደ። አልጣሽ አየችው። ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል፤ ከግርፋት የተረፈ ልጅ። ያን ጊዜ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ለምን እንደቆየ ገባት። ሁሉም ወፍ እንደሆኑ፣ ሁሉም ባንድ ዜማ እንደዘመሩ ገባት። ከገደለው ሰው ስም ይልቅ ማንንም የማያስገድል ስም ፈልገው አገኙ። ከመቃብር አወጡት። ብልሃት ነው እኮ፤ አንዳንዱ ሽማግሌ በልቡ ኮርቶበታል።

"እታለም፣ ይሁን በይ" አላት ክንዱ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ።

እሷ ወደ ቄሱ ሄደች። "አባ፣ እንድሪያስ በዚያ ቀን የት ነበረ?"

"ልጄ፣ እኔ ወፍ ያለችውን ነው ያልሁ።"

"አጥሚት አፍልቼ ወስጄለት በማንኪያ ያጎረስሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ነው። ቀን ላይ ተነሥቶ ብር ወርዶ ባሌን ገደለልኝ?"

ቄስ ወልደ ገብርኤል ቀረቧት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከክፉ ሰው የሚከፋውም ይኸው ነው። "ስሚኝ። ባልሽ ሞቷል። እውነቱ ቢወጣ ክንዱ ይገድላል። ክንዱን ይገድሉታል። የክንዱ ልጆች ያድጉና ይገድላሉ። ስንት መቃብር እንድባርክ ትፈልጊያለሽ? እንድሪያስን የሚጎዳው የለም። እሱ በፈጣሪው እጅ ነው።"

"እናቱስ?"

ቄሱ ጥምጥማቸውን እንደገና አስተካከሉ።

አልጣሽ ወደ እህተ ማርያም አየች። አሮጊቷ ተቀምጣ ቀርታለች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ገዳይ የወለደች ስለሆነች ጥቂት ፈቀቅ ብለዋል። በእሷና በእነሱ መካከል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ሣር ባዶውን ቀርቷል። አልጣሽ "ይሁን" የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር፤ ደክሟት ነበር፤ ልትለው ነበር። ያን ባዶ ሣር ስታይ ግን ቃሉ አልወጣ አላት።

"አይሁን" አለች።

ማጉረምረም ተነሣ። "ዝናብ መጣ እኮ" አለ አንዱ። "ሴት ልጅ በነገር ላይ..." አለ ሌላው።

ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። የተላጨ ራሷ ለሕዝቡ ሁሉ ታየ። "ባሌን የገደለ ዓለምብርሃን ነው" አለች። "ይኸው እዚህ ተቀምጧል። በብር መሻገሪያ፣ በቀን፣ በክላሽ። እናንተ ቆማችሁ አያችሁት። ዓለምብርሃን ነው። ቅኔ አይደለም፤ ሰምም ወርቅም የለውም። የሰው ስም ነው።"

ወፎች እንኳ በሾላው ላይ ጸጥ አሉ ቢባል ውሸት ነው፤ ወፎቹ ይንጫጩ ነበር። ጸጥ ያለው ሰው ነው።

ሊቀ መንበሩ ወደ ግራዝማች ዞረ። "ይኼ ምን ዓይነት ነገር ነው? በባህሉ ይፈቀዳል?"

ግራዝማች ምርኩዛቸውን ጨበጡ። ደንብ ደንብ ነው፤ በሕይወታቸው የቀራቸው ሀብት ደንብ ማወቅ ብቻ ነው። "ይፈቀዳል" አሉ። "ከወፍ በላይ የተጠራ ስም በጉባኤ ጆሮ ይጸናል። ስሙ ሲጠራ ሰምቻለሁ የሚል ሦስት ሰው ከተነሣ ስሙ ይጸናል፣ የተጠራውም ሰው ለዳኛ ይሰጣል። ገደለ በሉ አይደለም። ሲጠራ ሰማሁ ነው። ሦስት ጆሮ ካልተገኘ ነገሩ እንዳልተነገረ ነው። የከሳሿ ጆሮ አይቆጠርም።"

የአልጣሽ ልብ ተነሣ። ሦስት። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ሦስት። አይተናል በሉ አልተባሉም፤ መስክሩ አልተባሉም። አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ በፊታቸው የጮኸችውን ሰማን ይበሉ ነው የተባሉት። ይህን እንኳ የሚነፍግ ፍጡር በእግዜር ምድር ላይ የለም ብላ አመነች።

ግራዝማች ከፊተኛው ረድፍ ጀመሩ። "ሰማህ?"

የመጀመሪያው ከኋላ እየመጣ ነው ያላት ጎረቤት ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ እንኳ... በሬዎቼ ያለ እረኛ ናቸውና ልቤ እዚያ ነበር። አልሰማሁም።"

"አንተስ?"

"አልሰማሁም።"

"አንተ?"

"ነፋስ ነበር ግራዝማች። አልሰማሁም።"

ነፋስ አልነበረም። የሚካኤሉ መሪጌታ ተራቸው ደረሰ። ቅኔ ያስተምራሉ፤ ከወምበርማና ከሽንዲ ድረስ ተማሪ ይመጣላቸዋል። ተነሥተው ኩታቸውን አጣፉ። "የሰማሁትን ሰማይ ይስማው" አሉና ተቀመጡ።

"ሰማሁ ነው አልሰማሁም?" አሉ ግራዝማች።

"ብያለሁ እኮ።"

በአጠገባቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጣሽ ይህን ስታይ ዓይኗ ጨለመ። ሰውየው በእፍረት መሬት ሊገባ ሲገባው በቅኔ ዘሎ ተሻገረ፤ እነሱም እንዴት ያለ አዘላለል ነው ይላሉ። ይህ አገር ቃል ሞልቶታል። አፉ ወርቅ ነው፤ ወርቁ ግን የሚወጣው ለመደበቂያ ነው።

ረድፉ ቀጠለ። አልሰማሁም። አልሰማሁም። የደጀኔን ጉድጓድ የቆፈሩት አልሰሙም። ደጀኔ ልጁን ክርስትና ያነሣለት አልሰማም። "የሰው ነገር አላዳምጥም" አለ አንዱ፣ በኩራት። ሴቶቹ ዘንድ ሲደርስ ጨው ያዘለችው ሴት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ባሏ ከወንዶቹ መካከል ሆኖ ሳል ሳል አደረገው። "አልሰማሁም" አለች።

ከአልጣሽ ኋላ ተቀምጦ የነበረው ክንዱ ጋ ደረሱ።

"ክንዱ፣ አንተ የሟች ወንድም ነህ፤ ከሳሽ ግን አይደለህም። ጆሮህ ይቆጠራል። ሰማህ?"

ክንዱ ተነሣ። ረዥም ነው፤ ያ ጠጉሩ ሲጨመርበት አስፈሪ ይመስላል። ወደ ዓለምብርሃን አየ፤ ዓለምብርሃን ሳር ቆርጦ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር። ወደ አልጣሽ አየ።

"እኔ ወንድሜን ነው የቀበርሁ" አለ። "ሌላ... ሌላ አልሰማሁም።"

ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

አልጣሽ ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ትጠብቅ ነበር። ግራዝማች በእህተ ማርያም ፊት ቆሙ። የአሮጊቷ ልጅ ከደም የሚነጻው በዚህች ጆሮ ነው። አንዲት እናት ካለች አንድ ጆሮ አለ፤ አንድ ካለ ሁለተኛው ሊያፍር ይችላል፤ ሁለተኛው ካፈረ ሦስተኛው ይመጣል።

"እህተ ማርያም፣ ሰማሽ?"

አሮጊቷ ወደ ሰማይ አየች። ደመናው ጥቁር ነው። ነገ መሬት ይታረሳል፤ በማን በሬ? ቀስ ብላ ዓይኗን አወረደች።

"እኔ ጆሮዬ ደካማ ነው" አለች። "አልሰማሁም ጌታዬ።"

ግራዝማች ጨረሱ። ወደ ሾላው ሊመለሱ ሲሉ ዓለምብርሃን "እኔን አልጠየቃችሁኝም" አለ።

"አንተ ተከሳሽ ነህ።"

"የአጥቢያው ሰው ነኝ። ጥሪው ለሁሉም አይደል?" ተነሣ። ልብሱን አራገፈ። ክላሹን እንደ ሕፃን በእቅፉ አጋደመ። "እኔ ሰምቻለሁ" አለ። "ስሜን ጠርታለች፤ ገደለ ብላለች። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁ። እኔ ደግሞ ሁለት ጆሮ አለኝና ሁለት ብላችሁ ቁጠሩት። አንድ ጎደላችሁ።"

ሣቀ የሚል የለም፤ አልሣቀም። በእውነት እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ በረድፎቹ ላይ ዓይኑን አዞረ። "አንድ" አለ እንደገና። "ከዚህ ሁሉ አንድ ጆሮ የለም?"

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች በሾላው ቅጠል ላይ ተሰሙ። ማንም አልተነሣም። ሊቀ መንበሩ የደረት ኪሱን ከፍቶ ዘጋ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አልታወቀም።

"ተከሳሽ ለራሱ ምስክር አይሆንም" አሉ ግራዝማች በመጨረሻ። "ሦስት ጆሮ አልተገኘም። ስሙ አልጸናም። እንዳልተነገረ ነው። የወፏ ቃል ጸንቷል።"

"አሜን" አለ ሕዝቡ፤ ተነሣ።

ዝናቡ ወረደ። ሰው ነጠላውንና ጋቢውን ራሱ ላይ አድርጎ በአንድ መንገድ ይቸኩላል። አልጣሽ አልቸኮለችም። በመካከላቸው፣ ራሷን ሳትሸፍን፣ ውሃው ከተላጨው ጭንቅላቷ ላይ እየወረደ ትሄዳለች። ጨው ያዘለችው ሴት ስታልፋት ጠጋ አለች፤ በነጠላዋ አፏን ሸፍና "ሰምቼሻለሁ እቴ" አለቻትና ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቷ አህያውን እየነዳ ደረሰባት። "ሰምተንሻል፤ እግዜር ያውቃል" አለ፤ ወደ እሷ ሳያይ። ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ አለፉ፤ "አይዞሽ፣ ሰምተናል።" መሪጌታው አለፉ፤ በዚህ ጊዜ ቅኔ አልተቀኙም። "ሰማሁ ልጄ" ብቻ አሉ። አንዱ እያለፈ ትከሻዋን ይነካታል፤ አንዱ ያቃስታል፤ አንዱ "ምን ይደረጋል" ይላል። በሾላው ሥር ያልተገኘው ጆሮ ሁሉ በመንገዱ ላይ ፈላ።

ክንዱ ከጎኗ ሆኖ ብዙ ሄደ።

"እታለም፣ እኔም..."

"አውቃለሁ" አለችው። "ተላጭ።"

በመጨረሻ እህተ ማርያም ከኋላ እየተንገዳገደች ደረሰችባት፤ እጇን ያዘች፣ አልለቅም አለች።

"የሞተው አይራብም ልጄ" አለች። "እኔ ግን እራባለሁ። ሰምቼሻለሁ እኮ። ከሁሉም በፊት እኔ ሰማሁሽ።"

አልጣሽ እጇን አላስለቀቀችም። ሁለቱ ተያይዘው በጭቃው ላይ ወረዱ። በብር መሻገሪያ ሲደርሱ ወንዙ መሙላት ጀምሯል። ሰዎቹ ዳር ላይ ቆመው ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ አህዮቻቸውን ያስገባሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ አሁን፣ አልሰማሁም የሚል አንድ አልነበረም።